ዝግጁ ነዎት፣ አባቴ?

እንድሪስ ሙሄ የመንጋጋ ምስሉን በሚሰጥበት ቀን ጠዋት ጥርሱን ሁለት ጊዜ ፋቀ። ጥቅም እንደሌለው ያውቃል። ጨረሩ የሚያየው አጥንትና ሥር እንጂ ንጣት አይደለም ተብሎ ስንቴ ተነግሯል። ቢሆንም የምስል ወቅት ሲደርስ ከኮምቦልቻ ገበያ የወይራ መፋቂያ ይጠፋል፤ ሰዉ ለሠርግ ፎቶ የሚዘጋጅ ይመስል ጥርሱን ሲያሽ ይሰነብታል። ሳይፍቅ ሄዶ ምስሉ የተበላሸበትን ሰው ጎረቤቶቹ «ነግረንህ ነበር» ይሉታል። ፍቆ የተበላሸበትን ደግሞ «የአላህ ነገር» ብለው ያልፉታል።

ከሚስቱ ከአሚናት ጋር ሲወጡ በሩን ነክሶ ቆለፈ። አውቶቡሱን ነክሶ ከፈተ፤ አንድ ጊዜ ለራሱ፣ አንድ ጊዜ ለእሷ። በየሰዉ አንገት ላይ፣ ከመንከሱ በፊት ማንበቢያውን የሚያለብስበት የንክሻ መሸፈኛ በክር ተንጠልጥሏል፣ እንደ ድሮው የቤት ቁልፍ። ፊት መሰረቅ፣ ድምፅ መቀዳት፣ አሻራ በየጉሊቱ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ፣ ሰው ላይ ሳይነካ የቀረው የጥርስ ሥር ብቻ ነው ተብሎ ሁሉም ነገር ወደ አፍ ገብቷል። የቦኖ ውሃ የሚቀዳው ተነክሶ ነው። የትምህርት ቤት በር የሚከፈተው ተነክሶ ነው። የልጅ ጥርስ የወለቀ ቀን ወላጅ ጥርሱን ጣራ ላይ መወርወሩን ትቶ ልጁን እየጎተተ ወደ ጣቢያ ይሮጣል፤ አለዚያ ልጁ በማግስቱ ደጅ ሲንቀዋለል ይውላል።

አሚናት ጥርስ የላትም። የኩላሊቷ ሕመም አንድ በአንድ ለቅሞባት በልጅነቷ የተነቀሰችው ጥቁር ድዷ ብቻ ነው የቀረው፤ ድድ ደግሞ አይነበብም። ጥርስ የሌለው ሰው ጥርስ ባለው ሰው አፍ ይመዘገባል፣ ጥገኛ ይባላል። አሚናት በባሏ አፍ ተመዝግባለች። በየሦስት ቀኑ ኩላሊቷ የሚታጠብበትን አልጋ የሚከፍትላት የእሱ ንክሻ ነው። እንድሪስ ይነክሳል፣ አልጋው ይበራል፣ ደሟ ወጥቶ ታጥቦ ይመለሳል። ሁለቱም ለምደውታል።

ምስሉ ግን በየዓመቱ መታደስ አለበት። ጨረር ስለሚጎዳ አንድ ሰው በዓመት ከሦስት ጊዜ በላይ አይነሳም፤ ለጤናው ታስቦ ነው። ሦስቱም ካልጠሩ ሰውዬው እስከሚቀጥለው ዓመት «ያልተነበበ» ይባላል። ያልተነበበ ሰው ጎረቤት እየነከሰለት፣ ዘመድ ውሃ እየቀዳለት እንደምንም ዓመቱን ይገፋል። የጥገኛው አልጋ ግን በዚያው ቀን ለተረኛ ይሰጣል። ጥገኛን ወደ ሌላ ሰው አፍ ማዛወር ይቻላል፤ ለማዛወር ግን የሚያዛውረው ሰው የተነበበ መሆን አለበት። አሚናት የምትጠብቀው ዓመት የላትም። ሳምንትም የላትም።

እንድሪስ በዚህ ሰግቶ አያውቅም። በጅቡቲ መንገድ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ፣ መኪኖቹ ያለ ሾፌር መሄድ እስኪጀምሩ ድረስ፣ የለስላሳ ቆርኪ በጥርሱ ሲከፍት የኖረ ሰው ነው። ምስሉ በየዓመቱ በመጀመሪያው ይጠራለት ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ አሚናት እጁን ስትይዘው እንኳ «አብሽሪ» አላት፣ እሷ ሳትጠይቀው።

ጣቢያው የቀድሞው መናኸሪያ ነው። ተራ አስከባሪ በሚጮህበት ቦታ አሁን ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይቀመጣል። ማንሻ ክፍሉ ውስጥ ማሽኑ ቆሟል፤ ከማሽኑ ወዲህ ወፍራም መስታወት፣ ከመስታወቱ ኋላ ደግሞ ኤልዳና የምትባል ወጣት ባለሙያ ከነመነጋገሪያዋ ተቀምጣለች። ጥገኛ ሲታደስ በአካል መገኘት ስላለበት አሚናት ከኤልዳና አጠገብ ቆመች።

«አባባ፣ መነጽር፣ ሰዓት፣ ብረት ያለበት ነገር ያውልቁ» አለች ኤልዳና በመነጋገሪያው።

አወለቀ። የእርሳስ ሰደሪያውን ለበሰ፤ አንገቱ ጋ እንዳይወጣ ኤልዳና ገብታ ዝቅ አደረገችለት። አገጩን ማስደገፊያው ላይ አኖረ፣ የፊት ጥርሱን ስንጥቁ ላይ አሳረፈ፣ በሁለት እጁ እጀታዎቹን ጨበጠ። ይህን ሁሉ ያውቀዋል። የማያውቀው ቀጥሎ የመጣውን ድምፅ ነው።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዝግጁ ነዎት?»

ልቡ ሞቀ። ይህን ድምፅ ያመጣው እሱ ነው ቢባል ውሸት የለበትም። እስከ አምና ድረስ ማሽኑ በጎረምሳ ድምፅ «ቁም! አትንቀሳቀስ! ጨርሰሃል፣ ውጣ!» ነበር የሚለው። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተቆጥተው፣ የልጅ ልጃቸው የማይሆን ብረት አንተ እያለ ሊያዛቸው አይገባም ብለው አቤት ለማለት ጣቢያው ድረስ ሄዱ። የተናገረላቸው እንድሪስ ነበር። «ማንሳቱን ያንሳን» አላቸው። «ግን ሰው መጀመሪያ ይጠየቃል። እኛ እኮ ጭነት አይደለንም።» የጣቢያው ኃላፊዎች ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ። ዘንድሮ ይኸውና፣ ማሽኑ በሴት ድምፅ አባቴ እያለ ይጠይቃል።

የተጠየቀ ሰው ደግሞ ይመልሳል። እንድሪስ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ «እህ!» አለ፣ በእኛ አገር ሰው ከልቡ ሲስማማ እንደሚለው። የማሽኑ ክንድ በእንድሪስ ራስ ዙሪያ እያጉረመረመ ዞረ።

«ምስሉ አልጠራም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባቴ።»

እንድሪስ ሳቀ። «ምን ነክቷት ነው?» አለ ወደ መስታወቱ ዞሮ። ኤልዳና ግን አልሳቀችም። ባለሙያ ስለ ብረትና ስለ ደንብ እንጂ ስለ ሌላ ነገር ማውራት አይፈቀድላትም። ቀደም ሲል ሰዎች የሌላን ሰው አፍ መስለው እንዲቆሙ የሚያሰለጥኑ ደላሎች ተይዘው ስለነበር፣ ማሽን አጠገብ ምክር መስጠት ከወንጀል ይቆጠራል። «ብረት የቀረ ካለ ይፈልጉ፣ አባባ» ብቻ አለችው።

ኪሱን ዳበሰ። የጸሎት ቆቡን ሳይቀር አወለቀ። ተመልሶ ቆመና እጀታዎቹን ከበፊቱ ይበልጥ አጥብቆ ጨበጠ። ዘንድሮ ምን ጎደለኝ እያለ ሲያስብ ድምፁ መጣ፤ ያው ትሕትና፣ ያው አባቴ። «እህ!» አለ፣ ከበፊቱ ጎላ አድርጎ፣ ፈቃደኛነቱን ተጠራጥራ እንዳይሆን ብሎ። ክንዱ ዞረ።

«ምስሉ አልጠራም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባቴ።»

ሦስተኛው ከምሳ በኋላ ነው የሚነሳው፤ ሰውነት እንዲያርፍ በሚል። እንድሪስ አዳራሹ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ቆቡን በጉልበቱ ላይ ያዞር ጀመር። ፈርቷል። እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ያለው ቀን እንኳ መሪው በእጁ ነበር። አጠገቡ ያሉት ሁሉ መካሪ ሆኑ፤ አንዱ ጫት ቅመህ ነው አለው፣ አንዷ ብርድ መትቶህ ነው አለችው፣ አንዱ ደግሞ በየትኛው መፋቂያ እንደፋቀ ጠየቀው። ለሁሉም ራሱን ነቀነቀላቸው፤ አንዱንም አልሰማም። የሚታየው የአሚናት አልጋ ነው፣ ሌላ ሰው ተኝቶበት።

አሚናት ከመስታወቱ ኋላ ቀርታ ነበር።

«ልጄ፣ ምኑ ነው የተበላሸው?»

«እማማ፣ መናገር አልችልም።»

«አትናገሪ። እንጀራሽን አላሳጣሽም። ላየው ግን አልችልም?»

ኤልዳና ወደ በሩ አየች። ከዚያ ከመሳቢያዋ ጨርቅ አወጣችና ስክሪኑን ትወለውል ጀመር። ለመወልወል እንዲመቻት ወደ አሚናት አዞረችው። ቀስ ብላ፣ ጥግ ጥጉን ሳይቀር ወለወለችው።

የባሏ አፍ ከጆሮ እስከ ጆሮ ተዘርግቶ አየችው። የታችኞቹ ጥርሶች ከነሥራቸው ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ከላይኞቹ ሥር ላይ ግን ጥላሸት የተቀባ የመሰለ ጥቁር ነገር ተጋድሞ ሥሮቹን ውጧቸዋል። የፊት ጥርሶቹ ደግሞ እጥፍ ሆነው ተንሸዋረዋል። አሚናት ረጅም ጊዜ አየችው። የተማረችው ነገር የለም፤ ጀርባውን ግን ታውቀዋለች፤ ሲቆም ሲቀመጥ፣ ሲስማማ ሲኮርፍ። አሁንም ሁለቱን ጊዜ ከኋላው ቆማ አይታዋለች። አመስግና ወጣች።

«ምላስህ ናት» አለችው አጠገቡ ስትቀመጥ።

«ምላሴ ምን አደረገች?»

«ድምጿ ስትጠይቅህ ትመልስላታለህ። ስትመልስላት ማጅራትህ ብድግ ይላል፣ ምላስህ ከላንቃህ ትወርዳለች። ያን ጊዜ አፍህ አየር ይሞላል፤ ምስሉ ላይ ሥሮችህን የዋጣቸው ጥቁር ነገር እሱ ነው። እሷ ደግሞ መልስህን እንደሰማች ነው የምታነሳህ።» ጥርስ በሌለው አፏ ሞክራ አሳየችው። ትንፋሿን ሳበች፣ ጉንጯ ገባ፣ አገጯ ከፍ አለ። «ይኸው። አየህ?»

እንድሪስ ቆቡን ማዞሩን ተወ። ቀስ በቀስ ገባው። አምና ማሽኑ አዝዞት ነበር፤ ታዞ ቆመ፣ ጠራለት። ዘንድሮ ጠየቀችው።

«እኔው ነኝ» አለ። «ጠይቁን ብዬ የለመንኩት እኔው ነኝ።»

«እሱን ማታ ታለቅሳለህ። አሁን ዝም ማለት ተለማመድ።»

እዚያው አግዳሚው ላይ ተለማመዱ። «አባቴ፣ ዝግጁ ነዎት?» አለችው አሚናት ድምጿን አለስልሳ። «እህ!» አለ። ደገመችው። «እህ!» ከንፈሩን በእጁ ይዞ ሞከረ፤ በአፍንጫው ወጣ። ሰባ ዓመት ሙሉ በተጠራ ቁጥር አቤት ሲል ኖሮ፣ አክብረው ሲጠይቁት እንደ ግንድ ዝም ማለት በአንድ የምሳ ሰዓት የሚለመድ ነገር አልነበረም። በስንት ሙከራ ግን ያዘው። ምላሱን ላንቃው ላይ ለጥፎ፣ ጥያቄዋን በዓይኑ ብቻ ተቀበላት።

ሊጠሩ ሲሉ ኤልዳና በአዳራሹ አለፈች። አሚናት እጅጌዋን ያዝ አደረገቻት። «ልጄ፣ ደንብ መንገር ይፈቀድልሽ የለ? ዝም ያለ ሰውስ ምን ይሆናል?»

«ማሽኑ ድምፅ ሳይሰማ አያነሳም፣ እማማ። ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። ካልመለሱለት «ፈቃደኛ አይደሉም» ብሎ ይዘጋል። እንዳልጠራ ነው የሚቆጠረው።»

እንድሪስና አሚናት ተያዩ። መመለስ አለበት፤ መመለስ ደግሞ የለበትም።

«አፍህን ሳትከፍት አጉረምርም» አለችው በመጨረሻ። «ም በላት። ወጣቶቹ እንደዚያ ነው የሚሉት፤ ሰምቻቸዋለሁ።»

«ለሰው ም ይባላል? ከብት ነኝ?»

«እንድሪስ።»

«እሺ። ም እላታለሁ።»

አገጩን አኖረ። ጥርሱን አሳረፈ። የእርሳሱ ሰደሪያ ከጠዋቱ የከበደ መሰለው። ምላሱን ላንቃው ላይ ለጠፋት፤ ደርቃ ስለነበር ጣዕሟ እንጨት እንጨት ይላል። ከመስታወቱ ኋላ ያለችውን ሚስቱን ማየት አይችልም፤ ፊቱ ያለው ነጭ ግድግዳ ነው።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዝግጁ ነዎት?»

ትንፋሹ ከደረቱ ተነሳ። ያዘው። ጉሮሮው ላይ ደርሶ ሲገፋው፣ መላ ሰውነቱን አጠንክሮ ያዘው። ሳያመልጠው አለፈ። ም ለማለት ግን የቀረ ጉልበት አልነበረውም። ለመያዝ ያወጣው ኃይል ድምፁንም አብሮ ይዞበት ቀረ።

«አባቴ፣ ዝግጁ ነዎት?»

ም ሊል ሞከረ። ምንም አልወጣም። በምትኩ ጉሮሮው ውስጥ አንድ ነገር ይበላው ጀመር። ሳል ነው። ካሳለ አለቀ። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ እጁ እጀታው ላይ ሊንቀጠቀጥ ሲል ጉልበቱን ወደ ክርኑ ላከው። ያ አላህ፣ አለ በልቡ፣ እኔን ተወኝ፣ የእሷን ነገር ብቻ።

አሚናት ማጅራቱን እያየች ነበር። ደም ሥሩ ሲገተር፣ ትከሻው ላይ የያዘው ሳል ሲነዝረው አየች። እንደማይችል አወቀች።

«አባቴ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅዎት፣ ዝግጁ ነዎት?»

አሚናት ወደ ኤልዳና ጠረጴዛ ጎንበስ አለች፣ አፏን መነጋገሪያው ላይ አስጠጋች፣ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች።

«እህ!»

ክንዱ ዞረ። ከአንዱ ጆሮ ተነስቶ በማጅራቱ በኩል ወደ ሌላው ሲያጉረመርም፣ እንድሪስ በሕይወቱ እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ቆመ። ከዚያ ሳሉ ፈነዳ፤ እየሳለ ተንበረከከ።

የማሽኑ ድምፅ ለአፍታ ዘገየ።

«ምስሉ ጠርቷል። አመሰግናለሁ፣ አባቴ።»

ኤልዳና ከወንበሯ ተነስታ ነበር። «ማን ነው የመለሰው?» አለች፣ ፊቷ አመድ መስሎ። «እማማ፣ ምን አደረጉ? ፈቃድ የሚሰጠው እኮ ባለቤቱ ነው። በሌላ ሰው አፍ ተመለሰ ማለት...»

«በየትኛው ሌላ ሰው?» አለች አሚናት። «አፍ የለሽም ብላችሁ በእሱ አፍ መዘገባችሁኝ። ውሃ በእሱ አፍ ጠጣሁ፣ ደሜን በእሱ አፍ ታጠብኩ። ታዲያ የእሱ አፍ የእኔም አይደለም? በራሴ አፍ ነው የመለስኩት።»

ኤልዳና ስክሪኑን አየችው። የሽማግሌው አፍ ሙሉ ለሙሉ ተዘርግቷል። ጥላሸት የለም፣ እጥፍ የለም፤ የላይኞቹ ሥሮች እስከ ጫፋቸው ይቆጠራሉ። ሥራ ከጀመረች ወዲህ እንዲህ የጠራ ምስል አላየችም። ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየችና አጸደቀችው።

«ሰደሪያውን ያውልቁላቸው» አለች። «ይከብዳቸዋል።»

ይህ ነገር እዚያ ክፍል ውስጥ የሚቀር አልነበረም። በዚያ ወቅት በጣቢያው የብዙ ሽማግሌ ምስል ተበላሽቶ፣ ብዙ አልጋ ለተረኛ ተሰጥቶ ነበር። ከላይ የመጡ ባለሙያዎች የተበላሹትን ምስሎች ሰብስበው መረመሩና ጥፋቱን አገኙት፤ ሁሉም ላይ ያው ጥላሸት። መፍትሔው ቀላል ነበር።

በዓመቱ እንድሪስና አሚናት ተመልሰው ሲመጡ በሩ ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። «ለምስል ጥራት ሲባል የፈቃድ ጥያቄ ተነስቷል» ይላል። እንድሪስ ቆሞ አነበበው። ያኔ አቤት ለማለት አብረውት ከሄዱት ሽማግሌዎች ሁለቱ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ማስታወቂያውን አይተውታል። ሰላም አሉት እንጂ ስለ ማስታወቂያው ማንም ምንም አላነሳም። እሱም አላነሳም። ምስላቸው እንዲጠራላቸው ይፈልጋሉ።

ከመስታወቱ ኋላ ኤልዳና የለችም። ወንበሯም የለም፤ መነጋገሪያው ግን ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። አሚናት ብቻዋን ቆመች። ከስታለች፣ ግን ቆማለች።

እንድሪስ አገጩን አኖረ፣ ጥርሱን አሳረፈ፣ ምላሱን ላንቃው ላይ ለጠፈ። ዓመቱን ሙሉ ሲለማመድ ነው የከረመው፤ ዘንድሮ ማንም አያስፈልገውም። አሚናት ግን ለማንኛውም ብላ ወደ መነጋገሪያው ጎንበስ አለች። ትንፋሿን አዘጋጅታ ጠበቀች። እሱም ጠበቀ።

ክንዱ ዞረ። ዞሮም ጨረሰ። ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ፊደል በራ፦ ጠርቷል። ከማሽኑ አንድም ቃል አልወጣም። አሚናት ለመልስ ብላ የያዘችውን ትንፋሽ ቀስ ብላ ለቀቀችው።

ወጥተው አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ሲደርሱ አሚናት ቆም አለች።

«እንድሪስ» አለችው፤ «ዝግጁ ነበርክ?»

ከክሩ ላይ መሸፈኛውን እየፈታ ነበር። እጁ ቆመ። ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሊስብ ሲል ተወው።

«አልነበርኩም» አላት። ከዚያም አውቶቡሱን ነከሰ፤ አንድ ጊዜ ለራሱ፣ አንድ ጊዜ ለእሷ።